ሰባተኛዋ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፖስታ አመላልሻለሁ፣
የፖርትሌናንን ደጅ በእግሬ ቆጥሬያለሁ።
ደብዳቤ ልባም ነው፤ አፉን ዘግቶ ያልፋል፤
ፖስትካርድ ግን ወሬኛ፣ መንገድ ላይ ይለፈልፋል።
የአደባባይ ምስጢር፣ ካገኘው ሁሉ የሚማከር፤
አላነበብኩም ብል ማን ያምነኛል በዚህ መንደር?

ጡረታ ስወጣ ግን ልማዴ ጡረታ አልወጣም፤
ከሙት ሰው ዕቃ ጨረታ እሑድ እሑድ አልታጣም።
አንዱ ባንድ ፓውንድ ሲሉኝ፣ ሁለት በፓውንድ እላለሁ፤
ፖስታ ቤት ያስተማረኝን ሳንቲም ቆጠራ መች እረሳለሁ።

የድሮው ባሕራችን በካርዱ ላይ ሰማያዊ ነው።
ሐሰት ነው።
ጀርመን አገር፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጨው ሸቶት የማያውቅ ሰው
ብሩሹን ነክሮ በግምት የቀባው ነው።
የኛ ባሕር አመድማ ነው፣ ያጠቡበት ቆርቆሮ መሳይ፣
በበጋም ብርድ የሚተፋ፣ ፀሐይ ወጣ አልወጣ ምን አገባኝ ባይ።

ሁለት ካርድ አለኝ። ያው ሥዕል፣ ያው ወደብ፣ ያው ጠዋት።
ሄሪንግ ሰንጣቂ ሴቶች፣ ጣታቸው በጨርቅ የታሰረበት፣
ጨው ቁስል እንዳይገባ፣ ቢላ እንዳያገኘው አጥንት።
በአንደኛው ላይ ሰባት ናቸው።
በሁለተኛው፣ ከአራት ዓመት በኋላ በታተመው፣ ስድስት።
ሰባተኛዋ በነበረችበት
በርሜል ቆሟል፤
ሆዱ ላይ «ስትራካንና ልጆቹ» የሚል ተጽፏል።

ሠዓሊው ጎበዝ ነው። የሻሿን ጫፍ፣ የቀሚሷን ጠርዝ፣
አንዲት ክር ሳያስቀር ጠርጎ ወስዶታል።
ጥላዋን ግን ረሳ።
ከበርሜሉ ግርጌ ተነሥቶ፣ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ፣
አንድ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ
የሰው ጥላ ተጋድሟል።
በርሜል ክንድ አለው እንዴ?

አንድ ጠዋት ካርዱን ይዤ ወደቡ ወረድኩ።
አሁን መኪና ማቆሚያ ነው፤ አይስክሬም ቤት፤
ጥብስ ድንች ከእጅ የሚነጥቅ የባሕር ወፍ።
በርሜሉ ከነበረበት ቆሜ እጄን ወገቤ ላይ ጫንኩ።
«ምን ጠፋሽ?» አለኝ አይስክሬም የሚልስ ልጅ።
ደመና መጣ፤ ጥላዬም ጠፋ።

ጠየቅሁ። በኛ ከተማ መጠየቅ ማለት
ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ስለ አየሩ ማውራት፣
ከዚያ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ከዚያ ስለ ሟች ባል፤
በሦስተኛው ሳምንት መልሱ ራሱ ይመጣል።
የዘጠና አራት ዓመቷ ኤፊ ታርቪት ነገረችኝ፤
ጆሮዋ ደክሟል፤ እየጮኸች እኔን አደነቆረችኝ፦
«ጄሳክ ናት! በየበርሜሉ አንድ ፔኒ ጨምሩልን ብላ
ቢላዋን ያስቀመጠች፤ ስድስቱም አስቀመጡ ከሷ ኋላ።
እናቴ ከግራ ሦስተኛዋ ናት።
ሦስት ቀን ዓሣው ሸተተ። በአራተኛው ስትራካን ከፈለ።
የወደቡን ካርድ የሚያሳትመውም እሱ ነበር።»
ጄሳክስ ወዴት ሄደች? አልኳት።
«ወደ ደቡብ፤ ዓሣው ወደሄደበት።»

የከተማው በዓል ኮሚቴ ለቀን መቁጠሪያ ሥዕል ሲመርጥ
ሚስተር ጋርዲን ስድስቱን አነሣ፤ «ይኼኛው ንጹሕ ነው።»
እውነቱን ነው። የፊተኛውን ብል በልቶታል።
ድምፅ ተሰጠ። አንድ ለስምንት ተሸነፍኩ።
ኮቴን ለበስኩ፤ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ።
«ስድስቱን አትሙ፤ ጀርባውን ግን አብራችሁ አትሙ።»
ጋርዲን መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር።

ሐምራዊ የእርሳስ ጽሑፍ፣ ቤል የምትባል ሴት እጅ፣
ለእህቷ ለኢልሲ፣ ዳንዲ፣ ከሰው ማድ ቤት የኋላ ደጅ።
ያኔ የነበረው ፖስተኛ መንገድ ላይ ቆሞ ስቋል፤
በሙያዬ እምላለሁ።

«ኢልሲ፣ ደህና ነን። የእማማ ሳል ቀንሷል።
ማክሰኞ በማታው ባቡር እንጠብቅሻለን።
በርሜሉ ጄሳክ ናት፤ ወፈረች እንዳትይ።
ዝናብ ነው፤ ቦት ጫማሽን ይዘሽ ነይ።»